በይሉኝታ የጠፋ አደራ

 

ሰውን መምከር ቀላል ነው፤ የራስን ጥፋት በራስ አንደበት መናገር ግን ጉሮሮ ያንቃል። ዛሬ የማጫውታችሁን ነገር ብዙ ጊዜ ልጽፈው ብዕሬን አንስቼ፣ ተማሪዎቼና ወላጆቻቸው እንደሚያነቡት ሳስብ እያፈርኩ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። ባለፈው ወር ግን ድሮ በመድረሳ ያስተማርኩት አንድ ወጣት ለንግድ ወደ ቻይና ሊሄድ ሊሰናበተኝ መጣ። አባቱና አጎቶቹ ገንዘብ አዋጥተውለታል። "ኡስታዝ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ፤ ምክርም ካለዎት ይምከሩኝ" አለኝ። ዱዓውን አደረግኩለት። ምክሩን ልጀምር ስል ግን ያቺ የካይሮ ቀን በዓይኔ ላይ ድቅን አለችብኝ። ለእሱ ለአንዱ ብቻ ተናግሬ ከማበቃ ለሁላችሁም ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

የልጆቹ ኪታብ

ጊዜው በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር ነው። እኔ ጧት በመንግሥት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በሰፈራችን መድረሳ አስቀራለሁ። በዚያ ወር ለዐረብኛ አስተማሪዎች በተዘጋጀ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ካይሮ የመሄድ ዕድል ገጠመኝ። ወሬው በሰፈር እንደተሰማ የልጆቹ ወላጆች ተሰበሰቡ። "አል-አዝሀር መስጊድ አካባቢ ኪታብ በርካሽ ይገኛል ይባላል። ለልጆቹ የነሕውና የሶርፍ ኪታብ፣ መዝገበ ቃላትም ይዘህልን ና" አሉኝ።

አንዱ 500 ብር፣ ሌላው 200 ብር አዋጣ። ገበያ ላይ በርበሬ የሚቸረችሩ አንዲት እናት ደግሞ በሻሻቸው ጫፍ የቋጠሯትን 100 ብር ፈትተው በእጄ አኖሩልኝ። ሁለት ልጆቻቸው እኔ ዘንድ ይቀራሉ። ገንዘቡ ሲደመር ወደ 7,100 ብር ሆነ፤ በጊዜው ምንዛሪ 250 ዶላር ግድም ማለት ነው። በፖስታ አድርጌ፣ የሚገዙትን 45 ኪታቦች ዝርዝር አጥፌ አብሬ አስገባሁበት። ያቺ ፖስታ አማና ነበረች።

"የነጃሺ አገር ሰው!"

ሥልጠናው ሊያበቃ አራት ቀን ሲቀረው አንድ ቀን ዕረፍት ተሰጠን። ዕቅዴ ግልጽ ነበር። ጧት በተሕሪር አደባባይ ያለውን የግብፅ ሙዚየም አያለሁ፤ ከዙህር በኋላ ወደ አል-አዝሀር ሄጄ ኪታቡን እገዛለሁ። ስለዚህ ፖስታዋን በኮቴ የውስጥ ኪስ ያዝኳት። ከዐባሲያ በሜትሮ ተሳፍሬ፣ ዐተባ ላይ መስመር ቀይሬ፣ ከአደባባዩ ሥር ባለው ሳዳት በሚባለው ጣቢያ ወረድኩ። ወደ ላይ ስወጣ የመኪናው ብዛትና የጥሩምባው ጩኸት አዞረኝ። በ1902 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሙዚየም ሮዝ ግድግዳው ከሩቅ እየታየኝ፣ በየት በኩል ተሻግሬ እንደምደርስበት ግን ጠፋኝ።

"አሰላሙ ዐለይኩም" የሚል ድምፅ ከጎኔ ሰማሁ። ዕድሜው ሃምሳ የሚሆን፣ ንጹሕ ሱፍ የለበሰ፣ ግንባሩ ላይ የሱጁድ ምልክት ያለበት ሰው ነው። ሰላምታውን መለስኩ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከኢትዮጵያ ስለው ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ "የነጃሺ አገር ሰው! የቢላል ወገን! ከአንድ ወንዝ የምንጠጣ ወንድማማቾች!" አለ። ወንድሞቼ፣ አልዋሻችሁም፤ ልቤ ሞቀ። በባዕድ ከተማ ውስጥ፣ ማንም ዘወር ብሎ በማያይህ መንገድ ላይ፣ የአገርህን ታሪክ አውቆ የሚያከብርህ ሰው ስታገኝ ምን ይሰማሃል?

ዐረብኛዬን አደነቀ። "እኛ የመንገድ ዐረብኛ ነው የምንናገረው፤ አንተ ግን የኪታቡን ትናገራለህ" አለኝ። አስተማሪ መሆኔን ነገርኩት። "አላሁ አክበር፤ እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ሥዕል ነው የማስተምረው" አለ። ልጆች እንዳሉኝ ነገርኩት። የእሱም ሴት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ልትዳር ነው። አሁን ቀኑን መለስ ብዬ ሳስበው፣ ሰውዬው ስለ ራሱ የነገረኝ ነገር ሁሉ እኔ ስለ ራሴ ከነገርኩት በኋላ የመጣ ነው። ያኔ ግን የታየኝ የሁለታችን መመሳሰል ብቻ ነበር።

ወደ ሙዚየሙ መሄዴን ስነግረው ሰዓቱን አየና "አሁን የሚያስገቡት በቡድን የመጡ ጎብኚዎችን ብቻ ነው፤ ለብቻው የመጣ ሰው የሚገባው ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው" አለኝ። አዘንኩ። እሱም አብሮኝ አዘነ። "ጊዜህ በከንቱ ከሚያልፍ፣ ሁለት እርምጃ ነው፤ የተማሪዎቼን ሥራ ላሳይህ። የመንግሥት ኤግዚቢሽን ነው፤ ዛሬ ያበቃል። መግዛት የለም፤ ማየት ብቻ" አለ። ተከተልኩት። ሁለት እርምጃ የተባለው ሦስት እጥፋት ሆነ።

ሻይ፣ ሽቱና ስጦታ

የገባንበት ቤት ኤግዚቢሽን አልነበረም፤ ሱቅ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በፓፒረስ ተሞልቷል። ፓፒረስ ማለት የጥንት ግብፆች ይጽፉበት የነበረ ከደንገል የሚሠራ ወረቀት ነው። ባለሱቁ በአክብሮት አስቀመጠኝ፤ ከርከዴ ቀዳልኝ። ከትንሽ ጠርሙስ የሽቱ ጠብታ አንጓዬ ላይ አደረገልኝና "ሽቱ አይመለስም፤ ሱና ነው" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሽቱ አይመለስም።

ከዚያ የልጆቼን ስም ጠየቀኝ። ነገርኩት። በደንገሉ ላይ በጥንቱ የግብፅ የሥዕል ፊደል ጻፈልኝ። "ስጦታ ነው" አለ ወዳጄ። የመድረሳውን ስም ጠየቁኝ። በሌላ ሉህ ላይ አያተል ኩርሲይ በወርቅ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ ከሥሩ የመድረሳችንን ስም በሚያምር ኸጥ ጨመረበት። ሦስተኛው ለባለቤቴ ሆነ። እኔ "አይ፣ ይበቃል" እያልኩ ነው፤ እነሱ ግን "አንተ እንግዳችን ነህ" ይሉኛል። ከርከዴው ሁለተኛ ተቀዳ።

ሦስቱን ሉሆች ጠቅልሎ ከሰጠኝ በኋላ ባለሱቁ ወረቀት ላይ 6,000 ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሰረዘውና 3,500 አደረገው። "ለነጃሺ አገር ሰው" አለ። በግብፅ ጊኒ ነው። አንድ ዶላር በወቅቱ 17 ጊኒ ተኩል ገደማ ነበር፤ 200 ዶላር ማለት ነው።

"ስጦታ ነው ብላችሁኝ አልነበረም?" አልኩ። የልጆቼ ስም ያለበት ትንሿ ሉህ ናት ስጦታዋ አሉ። "የመድረሳህን ስም ጽፌበት ለማን እሸጠዋለሁ? የአላህን ቃል ልቀደው?" አለኝ ባለሱቁ። ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም አልያዘኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። እግሬን ያሰረው የዚያ የወዳጄ ፊት ነበር። አንገቱን ደፍቶ በቀስታ "ወንድሜ ነው ብዬ ነው ያስገባሁህ። በሰዎቹ ፊት አታሳፍረኝ" አለኝ።

አፈርኩ። አፍሬም እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። የራሴ ገንዘብ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ፖስታዋን ከፍቼ፣ ዝርዝሩን ወደ ጎን አድርጌ፣ የሰው ገንዘብ 200 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁ።

ስወጣ ወዳጄን ላመሰግነው ዞር አልኩ። የለም። "ማአሰላማ" እንኳን አላለኝም። እየተጠራጠርኩ ወደ ሙዚየሙ ሄድኩና ዘበኛውን ብቸኛ ጎብኚ የሚገባው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። "ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው" አለኝ።

ከደንገል አገር መጥቼ

ሙዚየሙን አላየሁም። ወደ አል-አዝሀር ሄድኩ። ከመስጊዱ ጀርባ ደርብ አል-አትራክ በሚባለው ጠባብ መንገድ የኪታብ ሱቆች ተደርድረዋል። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዝርዝሬን ተቀብለው አነበቡና ስንት ገንዘብ እንደያዝኩ ጠየቁኝ። የያዝኩትን ስነግራቸው ጥቅሉን አዩት። እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ጠጋ አደረግኩ። አይተውኛል፤ ምንም አላሉም። ወዲያው በራሴ አፍሬ ጥቅሉን ሰጠኋቸው።

አንዱን ሉህ ከአምፖሉ ፊት ዘረጉት። "ይኼ የሙዝ ቅጠል ነው" አሉኝ። እውነተኛውን እንዴት እንደሚለዩት አስረዱኝ። የደንገሉ አገዳ ሦስት ማዕዘን ነው። ልጣጩ ተነስቶ ውስጡ በስሱ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ አንዱ ድርብ ወደ ቁመት፣ ሌላው ድርብ ወደ ጎን ተነጥፎ በከባድ ነገር ተጭኖ ይደርቃል። ስለዚህ ወደ ብርሃን ሲያዩት እንደ ሽመና ድርና ማጉ ተሻግሮ ይታያል። ቢጠቀለልም አይሰበርም። የእኔ ሉህ መስመሩ ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው፤ ጠርዙን አጠፍ ሲያደርጉት ቀጭ አለ።

ይኼ ጥበብ በግብፅ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ዶክተር ሐሰን ረገብ የተባሉ ግብፃዊ መሐንዲስ እንደገና እንዳስጀመሩት በኋላ አነበብኩ። እኔ እኮ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ! ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሲታሰር እያየሁ፣ አገዳውን እየላጥኩ እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜም ስለ ደንገል አስተምራለሁ። የማውቀውን ተክል በማላውቀው ሰው አፍ ተታለልኩበት። ሰውዬው ያታለለኝ ባላዋቂነቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደንገሉን በለየሁ ነበር። ሉሁን ግን ጨርሶ አልመረመርኩትም፤ መመርመር ወዳጄን መጠርጠር መስሎ ታየኝ።

ከራሴ ጨምሬ 11 ኪታብ ገዛሁ። ሽማግሌው ሒሳቡን ተቀብለው፣ በየትኛው አውቶቡስ እንደምመለስ ነግረውኝ፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስሜን አልጠየቁኝም፤ አልሸኙኝም፤ ሻይም አልጋበዙኝም። የጠየቅኳቸውን መለሱልኝ፤ አበቃ። ቦርሳዬን የሸሸግኩባቸው እኚያ ሰው ነበሩ የዚያን ቀን እውነተኛ ረዳቴ። የአታላይ ጥፋት እዚህ ላይም ይደርሳል፤ ካንተ ገንዘብህን ይወስዳል፣ ከሚቀጥለው ደግ ሰው ደግሞ የሚገባውን አመኔታ ይወስድበታል።

ማታ ማደሪያችን ስመለስ ከአንድ ክፍል የምንተኛው ሶማሊያዊ ወንድም ጥቅሉን አየ። ምንም ሳይናገር ከሻንጣው ሥር ተመሳሳይ ጥቅል አወጣ። ከሳምንት በፊት እሱም እዚያው አደባባይ ላይ አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው አግኝቶት ነበር። ለእሱ ደግሞ "እናቴ ሶማሌ ናት" ብሎታል። መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። እሱ አፍሮ ሳምንት ሙሉ ባይደብቅ ኖሮ እኔ በዚያ ቤት አልገባም ነበር። ከእኔ በኋላ የሚገባውስ?

የበርበሬ ነጋዴዋ ጥያቄ

በአውሮፕላን ስመለስ ስለ ኪታቡ የማስብበት ልብ አልነበረኝም፤ የማስበው ስለምናገረው ነበር። "ሌባ ከኪሴ ወሰደው" ልል ቆረጥኩ። ሌባ የወሰደበትን ሰው ማን ይወቅሳል? ቤት ገብቼ ለባለቤቴ እንዲያ አልኳት። እሷ ሻንጣውን ስትፈታ ሦስቱን ሉሆች አወጣችና "ታዲያ ይኼስ? ሌባው ነው የሰጠህ?" አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ለወላጆቹም እንደዚያው እንድነግር መከረችኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሰማኋት።

ከጁሙዓ በኋላ በመድረሳው ሰበሰብኳቸው። ሁሉንም ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ "ኡስታዝ ተዘርፏል፤ ከአላህ የመጣ ነው፤ አውፍ እንበለው" አሉ። ብዙዎቹ ተስማሙ። ያቺ 100 ብር ያዋጡት እናት ግን እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ እኔም አውፍ ብያለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ሰውዬ ለስንት ጊዜ አወቅከው?"

"ለአንድ ሰዓት ተኩል" አልኩ።

"እኛንስ?"

"ለስምንት ዓመት።"

"ታዲያ ለእሱ ያፈርክለትን ያህል ለእኛ ብታፍርልን ምን ነበረበት?"

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ካይሮ ውስጥ ራሴን የምጠራው የዋህ ብዬ ነበር፤ "በወንድምነት ስላመንኩ ተጎዳሁ" እያልኩ። እኚህ እናት ግን ነገሩን በትክክለኛ ስሙ ጠሩት። የዋህነት ሳይሆን ይሉኝታ ነበር። በፊቴ ለቆመው ባዳ አፍሬ፣ በፊቴ ላልነበሩት የአደራው ባለቤቶች ሳላፍር ቀረሁ። ደግነት ከሆነ የራሴን ገንዘብ በሰጠሁ።

ፉቀሃዎች እንደሚያስተምሩን፣ አማና የተቀበለ ሰው ሳያጠፋና ሳይዘናጋ ቢጠፋበት ዕዳ የለበትም፤ ካልተፈቀደለት ነገር ላይ ካዋለው ግን ይከፍላል። እኔ ለኪታብ የተሰጠኝን ለሌላ አውያለሁ። ስለዚህ ወላጆቹ አውፍ ቢሉኝም 5,700 ብሩን በየወሩ ከደመወዜ 570 ብር እየከፈልኩ በአሥር ወር ጨረስኩ። ቀሪዎቹ ኪታቦችም ወደ ካይሮ በሚመላለስ ሰው እጅ መጡ።

ሰውን ማወቅ ምንድን ነው?

ስለ ኸሊፋው ኡመር (ረ.ዐ) የሚተረክ አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው ስለሌላው መልካምነት ሊመሰክር በፊታቸው ቆመ። ኡመርም ጎረቤቱ ሆኖ መግቢያ መውጫውን ያውቅ እንደሆነ፣ በዲናርና በዲርሀም ተገበያይቶት እንደሆነ፣ አብሮት ተጉዞ እንደሆነ ጠየቁት። ለሁሉም አይደለም አለ። ምናልባት መስጊድ ውስጥ ሲሰግድ አይተኸው ይሆናል አሉት፤ አዎን አለ። እንግዲያውስ አታውቀውም ብለው መለሱት። እኔ የዚያን ሰውዬ ግንባር ላይ የሱጁድ ምልክት አይቼ ነበር። ይኼን ትረካ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያለሁ፤ ተሕሪር አደባባይ ላይ ግን ከአፌ አልፎ ወደ ልቤ አልገባም።

ይኼን ስል ግብፃውያንን ለመውቀስ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የኪታቡ ነጋዴም ግብፃዊ ናቸው። ደግሞም ይህ ዓይነቱ ወጥመድ አገር አይመርጥም። የእኛ ነጋዴዎች የሚመላለሱባቸውን ከተሞች ብቻ ብናይ እንኳን ይበቃል። ባንኮክ ውስጥ በታላቁ ቤተ መንግሥት ደጃፍ አንድ ጨዋ ሰው "ዛሬ በዓል ስለሆነ ዝግ ነው" ይልሃል፤ በባለ ሦስት እግር ታክሲ አሳፍሮ "ዛሬ ብቻ ያለ ቀረጥ ይሸጣል" ወደሚባል የከበሩ ድንጋዮች ሱቅ ይልክሃል። ቤጂንግና ሻንግሃይ ውስጥ ተማሪ ነን የሚሉ ወጣቶች እንግሊዝኛ መለማመድ እንፈልጋለን ብለው ሻይ ቤት ይወስዱሃል፤ ሒሳቡ ሲመጣ የወር ደመወዝ ይሆናል። ኢስታንቡል ውስጥ ጫማ ጠራጊው እያለፈ ብሩሹን ይጥላል። አንስተህ ስትሰጠው በምስጋና ጫማህን ይጠርግልሃል፤ ከዚያ የታመመ ልጁን አንስቶ ገንዘብ ይጠይቅሃል። እዚያ ብሩሹን ያነሳህለት አንተ ነህ፤ ግን ባለዕዳ ሆነህ ትገኛለህ።

ልብ ብላችሁ ብታዩት ሁሉም አንድ ናቸው። አታላዩ መጀመሪያ ይሰጣል፤ ሻይ፣ ሽቱ፣ ምስጋና፣ ወንድምነት። ቀጥሎ የነበረህን መንገድ ያስቀይርሃል። መጨረሻ ላይ ገንዘቡን የሚጠይቅህ በጉልበት ሳይሆን "አታሳፍረኝ" በሚል ቃል ነው። ጨካኝ ሰው በዚህ ወጥመድ አይያዝም፤ የሚያዘው በጨዋነት ያደገው ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ጨዋ አድርገን ስናሳድግ፣ ጨዋነትን ከይሉኝታ መለየትም አብረን ልናስተምራቸው ይገባል። "አይ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ፈገግ እያሉ መሄድ ነውር እንዳልሆነ ከእኛ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ?

ለዚያ ወደ ቻይና ለሚሄደው ወጣት የነገርኩት ይህንን ነው፤

አንደኛ፣ መንገድህን የሚያሳይህን ሰው መንገድህን ከሚያስቀይርህ ለይ። እውነተኛ ረዳት የጠየቅከውን መልሶ ይሄዳል። ያሰብከው ቦታ ዝግ ነው የሚልህ መንገደኛ ካለ፣ እስከ በሩ ሄደህ በዓይንህ እይ። እኔን ከዚያ በር የለየኝ አንድ መንገድ መሻገር ነበር።

ሁለተኛ፣ አደራን ከራስህ ገንዘብ ጋር በአንድ ኪስ አትያዝ። የሚገዛበት ሰዓት እስኪደርስ ካደርክበት ቤት ይቆይ። የራስህ ገንዘብ ሲያልቅ "የለኝም" የምትለው እውነት ይሁን።

ሦስተኛ፣ ማፈር ከመጣ የባለ አደራውን ፊት አስብ። በፊትህ የቆመውን ሰው ዳግመኛ ላታየው ትችላለህ፤ አገርህ ስትመለስ የሚጠብቁህን ግን ታያቸዋለህ፤ ከሁሉም በላይ የማይሰወረው ጌታ ያይሃል።

አራተኛ፣ ከወደቅክ ያንኑ ቀን ተናገር። አብሮህ ላለው ተናገር፤ ለቤተሰብህ ተናገር። አታላይ የሚኖረው በተታለሉት ሰዎች ዝምታ ነው።

ወጣቱ ሲነሳ ያቺን የሙዝ ቅጠል ሉህ አሳየኝ አለ። የአላህ ቃል ስላለባት በክብር አስቀምጫታለሁ። በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋት፤ መስመሯ ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው። ከጣና ዳር የመጣ የደረቀ ደንገልም አጠገቧ አለኝ፤ ለተማሪዎቼ ሁለቱን አብሬ አሳያለሁ። "ኡስታዝ፣ 200 ዶላር አወጡባት ማለት ነው?" አለኝ። "እኔ አላወጣሁም፤ ያወጡት እናትህ ናቸው" አልኩት። የእኚያ የበርበሬ ነጋዴ የበኩር ልጅ ነውና።

ውድ አንባቢያን፣ አላህ (ሱ.ወ) መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን፤ አደራችንንም የምንወጣ ያድርገን። እስከ ወር ድረስ ቸር እንሰንብት።

ወቢላሂ ተውፊቅ፤ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።